ሰባብሮ ማወቅ፦ ከጎደሬ ቡና እስከ ወባ ክኒን

ጋምቤላ ከተማ ያላችሁ፣ ከኢታንግ፣ ከአቦቦ፣ ከጎግና ከሜጢ የምታዳምጡን፣ በተለይ ደግሞ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ እርሳስና ወረቀት አቅርቡ። ራዲዮ ሥዕል ስለማያሳይ ዛሬ ቁጥር እናስጽፋችኋለን። የምናወራው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ስለሚባል የኬሚስቶች ዘዴ ነው። አንድ ኦርጋኒክ ውህድ ከየትኞቹ አቶሞች እንደተሠራና አቶሞቹም እንዴት እንደተያያዙ የሚታወቅበት ዘዴ ነው። ስሙ ምላስ ቢያስርም ሐሳቡ ከባድ አይደለም።

ከቡና እንነሣ። ጋምቤላ ሲባል ሙቀቱና ዓሣው እንጂ ቡና ቀድሞ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና ይህችን ከተማ ከተማ ያደረጋት የቡና ንግድ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ከጎሬና ከደምቢዶሎ በኩል የሚወርደው ቡና እዚህ ወደብ ላይ ይከማችና፣ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መርከቦቹ ቢቀሩም ክልሉ ቡና አልባ አልሆነም፤ በማጃንግ ዞን፣ በጎደሬና በመንገሺ፣ በደን ጥላ ሥር ይበቅላል። ያ ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። የባሮ ወደብ ውል በተፈረመበት በዚያው በ1902 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር ነበር። ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ካፌይን በሚገኝበት ፑሪን በሚባል የውህዶች ቤተሰብ ላይ ያደረገው ምርምር ነው። ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ፍሪድሊብ ሩንገ ነው፤ ዓመቱም 1819። ፊሸር አሠራሩን አውቆ በቤተ ሙከራ እስኪሠራው ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል። የአንድ ሰው ዕድሜ ማለት ነው። ዛሬ አንድ የማስተርስ ተማሪ ማስ ስፔክትሮሜትር ፊት ተቀምጦ ‹‹ይህ ካፌይን ነው›› ለማለት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ተማሪው ከፊሸር ስለሚበልጥ ግን አይደለም፤ እነፊሸር የደከሙበት ተመዝግቦ ስለሚጠብቀው ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

መሣሪያው እንዴት ይሠራል? ከጎደሬ ቡና ያወጣነውን ካፌይን፣ በዓይን የማይታይ ጥቂት፣ እናስገባለት። ውስጡ አየር የለም፤ ሞለኪውሎቹ ከአየር ጋር ሳይላተሙ እንዲጓዙ ፓምፖች ቀን ከሌሊት እየሳቡ ባዶ አድርገውታል። በሙቀት የተነነው ካፌይን ከጋለ ቀጭን ሽቦ በሚወረወሩ ኤሌክትሮኖች ይመታል። የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት በየትኛውም አገር ቤተ ሙከራ ያው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 70 ኤሌክትሮን ቮልት። ሁሉም በአንድ ቁጥር መስማማታቸው ምን እንደጠቀመ ቆይተን እናያለን። የተመታው ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ያጣና ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ አዮን ሆነ ማለት ነው። ቻርጅ ያለው ነገር ደግሞ በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል ሊነዳ ይችላል። መሣሪያው በዚሁ ኃይል ቀላሉን ከከባዱ እየለየ፣ የየትኛው ክብደት አዮን ስንት ጊዜ እንደደረሰ ይቆጥራል።

ከአዮኖቹ ብዙዎቹ ግን ሳይሰበሩ አይደርሱም። ቁም ነገሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዶሮ የምትበልት ባለሙያ ቢላዋዋን የምታሳርፈው መገጣጠሚያው ላይ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ብልት በሥርዓት የሚወጣው እንዲያ ስለሆነ ነው፤ ወጡ ውስጥ ቁራጩን አይተን ይሄ ፈረሰኛ፣ ይሄ መላላጫ የምንለውም ለዚሁ ነው። ሞለኪውልም እንዳገኘ አይሰበርም። ትስስሩ በደከመበት፣ ወይም ተገንጥሎ የሚወጣው ቁራጭ ብቻውን ሊቆም በሚችልበት ቦታ ላይ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞለኪውል በአንድ ዓይነት ጉልበት ሲመታ የሚሰጠው ስብርባሪ ዛሬም ነገም፣ ጅማም ጃፓንም ያው ነው።

አሁን ጻፉ። 194፣ 109፣ 82፣ 67፣ 55። የካፌይን ዋና ዋና ቁጥሮች እነዚህ ናቸው።

194 ያልተሰበረው ሞለኪውል ነው። እስቲ ደምሩት፦ ስምንት ካርቦን 96፣ አሥር ሃይድሮጅን 10፣ አራት ናይትሮጅን 56፣ ሁለት ኦክስጅን 32። ልክ 194። ‹‹ቀመሩን አስቀድመህ አውቀህ ነው እንጂ!›› የሚለኝ ተማሪ እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ እውነቱንም ነው። እንግዲያው ቀመሩን እንደማናውቅ ሆነን ከቁጥሩ ምን ማውጣት እንደምንችል እንይ።

194 ተጋማሽ ቁጥር ነው። በተለመዱት ኦርጋኒክ ውህዶች የሞለኪውሉ ክብደት ጎዶሎ ከሆነ ውስጡ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ናይትሮጅን አለ፤ አንድ ወይም ሦስት። ክብደቱ ተጋማሽ ከሆነ ናይትሮጅን የለም፣ ወይም ሁለት፣ አራት እያለ ይሄዳል። የግምታችንን ግማሽ ተሻገርን። ቀጥሎ 194 አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቁጥር እንመልከት፤ 195። ከየት መጣች? ከመቶ የካርቦን አቶሞች አንዱ ገደማ ከወንድሞቹ በአንድ ኒውትሮን ይከብዳል። ሞለኪውሉ ብዙ ካርቦን በያዘ ቁጥር ይህን ከባድ ካርቦን የመያዝ ዕድሉ ስለሚጨምር የ195 ቁመት፣ ማለትም የተቆጠሩት አዮኖች ብዛት፣ ካርቦን ያስቆጥረናል። በካፌይን የ195 ቁመት የ194ን አሥር በመቶ ያህል ነው። ይህም ስምንት ወይም ዘጠኝ ካርቦን እንድንጠረጥር ያደርገናል።

ወደ ስብርባሪው እንሂድ። ከ194 ወደ 109 ስንወርድ 85 ጎድሏል። ይህ በአንድ ምት የወጣ አይደለም። መጀመሪያ 57 ይወጣና 137 ይቀራል፤ ከዚያ 28 ይወጣና 109 ይቀራል። 28 ካርቦንና ኦክስጅን ተጣብቀው ሲወጡ ነው። 57 ደግሞ ናይትሮጅን፣ በላዩ የተሸከመው ሜቲል (አንድ ካርቦን ከነሃይድሮጅኖቹ)፣ እንዲሁም ጎረቤቱ ካርቦን ከነኦክስጅኑ ናቸው። አራቱ አብረው ከወጡ ቀድሞም አብረው ነበሩ። እንግዲህ በካፌይን ቀለበት ላይ አንድ ናይትሮጅን ሜቲል ተሸክሞ ከካርቦንና ከኦክስጅን ጎን መቀመጡን አወቅን። ማንም ሞለኪውሉን በዓይኑ አላየም። ከ109 ወደ 82 ደግሞ 27፤ ሃይድሮጅን ሲያናይድ ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ሲኒያችሁ ውስጥ የለም፤ ማሽኑ ውስጥ ሲሰበር ነው የሚፈጠረው።

ጥሩ። አሁን ነገሩን እናወሳስበው።

ቡና የጠጣ ሰው ጉበት ከካፌይኑ ሦስት ሜቲሎች አንዱን ይነቅላል። የትኛውን እንደነቀለ ሦስት የተለያዩ ውህዶች ይወጣሉ፦ ፓራዛንቲን፣ ቲኦብሮሚን፣ ቲኦፊሊን። ቲኦብሮሚን በካካዎ ውስጥም ይገኛል፤ ቲኦፊሊን ለአስም መድኃኒትነት ሲሰጥ የኖረ ነው። ጠባያቸው ይለያያል፤ ክብደታቸው ግን አንድ ነው፣ ሦስቱም 180። ሚዛን ብቻ የሚያምን ሰው እዚህ ላይ ያልቅለታል። ስብርባሪውን ሲያይ ግን ቲኦብሮሚን 43 ጥሎ 137፣ ቀጥሎም 109 ይሰጣል፤ ቲኦፊሊን እንደ ካፌይን 57 ጥሎ 123፣ ከዚያ 95 ይሰጣል። ልዩነቱ 14 ነው። ቲኦብሮሚን በዚያ ናይትሮጅን ላይ ሜቲል ሳይሆን ሃይድሮጅን ነው ያለው፤ ስለዚህ የሚጥለው ቁራጭ በ14 ይቀላል። እጅግ ግልጽ ነው።

ፓራዛንቲንስ? እሱም በዚያው ቦታ ሜቲል ስላለው 123 እና 95 ይሰጣል። ከቲኦፊሊን ጋር በሙሉ ክብደታቸውም በዋና ስብርባሪያቸውም ይገጥማሉ። የደም ናሙና የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። መፍትሔውም ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ከማሽኑ በፊት ነው፤ ድብልቁን ክሮማቶግራፊ በሚባለው ዘዴ በረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ አሳልፈው ሁለቱን በየተራ እንዲደርሱ ያደርጋሉ። ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደደረሰ ከቁጥሮቹ ጋር ተደምሮ ይነበባል። የዛሬ መሣሪያዎች አብዛኞቹ እንዲህ የተጣመሩ ናቸው።

ሌላ ወጥመድ ልጨምር። ፓራሲታሞል ክብደቱ 151 ነው፤ አንድ ናይትሮጅን ስላለው ጎዶሎ መሆኑን ልብ በሉ። ሲሰበር ከሁሉ ጎልቶ የሚወጣው ቁጥሩ ስንት ይመስላችኋል? 109። የካፌይኑም 109፣ የቲኦብሮሚኑም 109፣ የፓራሲታሞሉም 109። የፓራሲታሞሉ ከሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ የተሠራበት አቶም እንኳ ይለያል። ስለዚህ አንዲት ቁጥር አይቶ ‹‹አገኘሁት›› የሚል ተማሪ ካለ መምህሩ ቁጭ ብሎ ሙሉውን ረድፍ እንዲያነብ ያድርገው። የሚነበበው የቁጥሮቹ ስብስብ ነው፤ ቁመታቸውም ጭምር።

የረቀቁት መሣሪያዎች ከነጥብ በኋላ እስከ አራት አሃዝ ይመዝናሉ። የበቆሎ ገለፈት ውስጥ ፌሩሊክ አሲድ የሚባል ውህድ አለ፤ ክብደቱ እንደ ካፌይን 194 ነው። በትክክል ሲመዘን ግን ካፌይን 194.0804፣ ፌሩሊክ አሲድ 194.0579 ይመጣል። አንዱ አራት ናይትሮጅን አለው፣ ሌላው ምንም የለውም፤ ልዩነቱ ያለው ከነጥቡ ወዲያ ነው።

ስለ 70 ኤሌክትሮን ቮልት እንመለስበታለን ብለን ነበር። ሁሉም በአንድ ጉልበት ስለመታ የአንዱ ቤተ ሙከራ ቁጥር ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። ከዚህ የተነሣ ከ300,000 በላይ ውህዶች የተመዘገቡበት መዝገብ ተጠናቅሯል፤ ኮምፒውተሩ የእናንተን ቁጥሮች ከዚያ ጋር አስተያይቶ ‹‹ይህ 95 በመቶ ካፌይንን ይመስላል›› ይላል። ይመስላል ነው ያለው፤ ነው አላለም። መዝገቡ ውስጥ የሌለ አዲስ ውህድ ሲገጥመው ደግሞ ዝም አይልም፤ የሚቀርበውን ስም ይሰጣል። ይህን ስም ሳይመረምሩ ወደ ጥናት ወረቀት የሚገለብጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ከመሣሪያው ጉድለት ሁሉ ይህን እፈራለሁ።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ወደምናውቀው ክኒን እንምጣ። ጋምቤላ ውስጥ ወባ ያልነካው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የምትሰጠው መድኃኒት አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተጣመሩበት ነው፤ ብዙው ሰው ኮአርተም በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። በአንዱ ቢጫ ክኒን ውስጥ 20 ሚሊ ግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊ ግራም ሉሜፋንትሪን አለ። አዋቂ ሰው በሦስት ቀን 24 ክኒን ይወስዳል።

ሉሜፋንትሪን ለማስ ስፔክትሮሜትሪ ተማሪ ስጦታ ነው። ክብደቱ 527 ነው፤ ጎዶሎ ነው፣ አንድ ናይትሮጅን አለው። ይህን የመሰለ ከበድ ያለ ሞለኪውል አሙቆ ማትነን ያስቸግራል። ስለዚህ በፈሳሽ ሟሙቶ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጉም እየተረጨ እንዲገባ ይደረጋል፤ አሜሪካዊው ጆን ፌን እ.ኤ.አ. በ2002 ኖቤል የተጋራበት ዘዴ ነው። በዚህ መንገድ ሞለኪውሉ አንድ ፕሮቶን ይጨምርና 528 ላይ ይታያል። ግን 528 ላይ ብቻ አይደለም። 530 ላይ ቁመቱ ከ528 ጋር የሚተካከል ሌላ አለ፤ 532 ላይ ሲሶ ያህል፤ 534 ላይ ደግሞ ለመታየት ያህል። ይህ ሉሜፋንትሪን የያዛቸው ሦስት ክሎሪኖች ፊርማ ነው። ክሎሪን በተፈጥሮው ሁለት ዓይነት ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ 35 የሚመዝኑ፣ አንዱ 37 የሚመዝን። ሦስት ክሎሪን በአንድ ሞለኪውል ላይ ሲገኙ የዕድል ሒሳቡ 27 ለ27 ለ9 ለ1 ይወጣል። ሒሳብ ለሚወዱ፦ ሦስት ሲደመር አንድ፣ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ይዘርዘር።

ክኒን ውስጥ ያለውን እንዲህ ለይቶ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ አርቴሱኔት የሚል የተጻፈባቸው የወባ ክኒኖች ገበያውን አጥለቅልቀው ነበር። ማሸጊያቸው ዓይን ያታልላል፤ ሆሎግራሙ ሳይቀር ተመሳስሎ ተሠርቷል። ሲመረመሩ ብዙዎቹ ውስጥ አርቴሱኔት የሚባል ነገር አልነበረም። ተራው የጥራት ምርመራ ‹‹መድኃኒቱ የለም›› ይላል፤ ያ ለሕግ ይበቃል። ‹‹ታዲያ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?›› ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ያመጣው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ፓራሲታሞል ተገኘ። ይህ ተንኮሉን ያብሰዋል፤ ትኩሳቱ ለጊዜው ይበርዳል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ጥገኛ ተሕዋስያኑ ደም ውስጥ ይራባሉ። እዚህ ወረዳ ላይ ያለ ባለ መድኃኒት ቤት ይህን በዓይኑ ወይም በምላሱ ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ክኒን ከገበያ አለመግዛት የሚባለው ምክር ለወጉ ያህል የሚባል አይደለም።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

በአገራችን ልጆች የተሠራ አንድ ምሳሌ ላንሣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ከተባለው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ከሚበቅል ተክል አዲስ ውህድ አሳወቁ፤ ክኒፎሎን ተባለ። ክብደቱ 434 ነው። ኋላም በቤተ ሙከራ በወባ ጥገኛ ተሕዋስያን ላይ ተሞክሮ ኃይል እንዳለው ታይቷል። እንዲህ ያለ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ውህድ ሲገኝ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ብቻውን አይበቃም። ክብደቱንና ቀመሩን ይሰጣል፤ የትኛው አቶም ከየትኛው ጎን እንደተቀመጠ አሟልቶ የሚናገረው ኤን ኤም አር የተባለው ሌላ መሣሪያ ነው። ስኳር የተሸከሙ ውህዶችን ብትወስዱ፣ ለምሳሌ ዶክተር አክሊሉ ለማ በቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ላይ የሞከሩት የእንዶድ ሳፖኒን፣ ስኳር አንድ በአንድ ሲረግፍ በየጊዜው 162 ይጎድላል። ሦስት ጊዜ ከጎደለ ሦስት ስኳር ነበረ። ግሉኮስ ይሁን ጋላክቶስ ግን 162ቷ አትነግራችሁም፤ ሁለቱም እኩል ይመዝናሉ።

ለመሆኑ ከጋምቤላ ሆኖ በዚህ ሥራ መሳተፍ ይቻላል? መሣሪያው ራሱ ሙቀትና የመብራት መቆራረጥ አይወድም፤ ፓምፑ ቆሞ አየር ከገባ ባዶ ለማድረግ እንደገና ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀን ይፈጃል። ናሙና ግን ይጓዛል። ክልላችን ደግሞ ናሙና አያጣም። ሺአ የሚባለው ባለ ቅቤ ዛፍ በአገራችን የሚገኘው እዚህ ነው፤ የናይል ዘር የሆነው ይህ ሺአ ኦሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት ቅቤው ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል። የቅባቱ አሲዶች ወደ ሜቲል ኤስተር ተለውጠው ሲመረመሩ 74 የምትባል ቁጥር ትመጣለች፤ መክላፈርቲ በተባለው አሜሪካዊ ስም የሚጠራው አሰባበር ውጤት ናት፤ ርካሽ ዘይት የተቀላቀለበት ቅቤም በአሲዶቹ መጠን ይጋለጣል።

ናሙና የምትሰበስቡ ተማሪዎች ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ቅጠሉን በጥላ አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አድርጉት። ከዚያው ተክል አበባና ፍሬ ያለበት ዘለላ በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይድረስ፤ ተክሉ በስሙ ካልታወቀ ውህዱ ቢታወቅም የትም አያደርስም። ከቅጠሉ በመሟሟያ ያወጣችሁትን ጭማቂ በፕላስቲክ ዕቃ አታስቀምጡ። ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚጨመሩ ፋታሌት የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ በአልኮልና በቅባት እየሟሙ ይወጣሉ፤ ማሽኑ ላይም 149 ሆነው ይቆማሉ። ‹‹ከባሮ ዳር ቅጠል አዲስ ውህድ አገኘሁ›› ብሎ የደነቀው ሰው ያገኘው የጠርሙሱን ክዳን ሊሆን ይችላል። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ታትመው የወጡ የተክል ጥናቶች ውስጥ ፋታሌት ‹‹የተክሉ ውህድ›› ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። መስታወት ተጠቀሙ፤ ባዶውን መሟሟያ ብቻውን አስመርምራችሁም አስተያዩት።

የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው፤ ጻፉ። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ክብደቱ 319 ነው፤ ውስጡ አንድ ክሎሪን አለ። አንደኛ፣ ከ319 ብቻ ተነሥታችሁ ስለ ናይትሮጅኑ ቁጥር ምን ማለት ትችላላችሁ? ሁለተኛ፣ 319 ላይ 300 ሞለኪውል ቢቆጠር፣ የክሎሪኑን ብቻ ብናስብ፣ 321 ላይ ስንት ትጠብቃላችሁ? ሦስተኛ፣ ጎረቤታችሁ ‹‹ክሎሮኪን ነው›› ብሎ ያመጣው ክኒን ሲመረመር 151 እና 109 ብቻ ቢያሳይ ምን ትሉታላችሁ? መልሱን ከነምክንያቱ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን አብረን እንሠራዋለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።